ዘሩን ስላቀዘቀዝን ከብቱን አድነናል ማለት ነው?

ስለ ቀዘቀዘ የከብት ዘር የተጻፈ ነገር አንብባችሁ ከሆነ ይህን ታሪክ ሳታገኙት አትቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1949 እንግሊዝ አገር ክሪስቶፈር ፖልጅና ባልደረቦቹ የአውራ ዶሮ ዘር ለማቀዝቀዝ ሲሞክሩ፣ የጠርሙስ መለያ ተምታቶ ስኳር መስሏቸው ግሊሰሮል ተጠቀሙ። የቀዘቀዘው ዘር ሲሟሟ ነፍስ ዘርቶ ተገኘ። ታሪኩ ደስ ይላል። ችግሩ፣ ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ «ተአምር!» ብለው ያቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አይነግሯችሁም።

መጀመሪያ ምስጋናውን እንስጥ። ውሃ ሲቀዘቅዝ በረዶው ሴሉን ይጎዳል፤ ያልቀዘቀዘው ፈሳሽ ደግሞ ጨው ይበዛበታል። ግሊሰሮል ሁለቱንም ጉዳት ይቀንሳል። በዚህ ላይ የእንቁላል አስኳል ሲጨመር የሴሉን ሽፋን ከድንገተኛ ቅዝቃዜ ይከላከላል። እንዲያም ሆኖ ብዙው ዘር ይሞታል፤ የተረፈው ግን ለማስረገዝ ይበቃል። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ተሞልቶ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። እዚያ ውስጥ ጊዜ የቆመ ያህል ነው። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 በቀዘቀዘ የበግ ዘር ከ50 ዓመት በኋላ 56 በጎች ተዳቅለው 34ቱ አርግዘዋል። ይህ በቅርብ ዓመታት ከቀዘቀዘ ዘር ውጤት አያንስም።

ታዲያ ምን ጎደለ? ሦስት ነገር።

አንደኛ፣ ማቀዝቀዣው የዘር ብዝኃነትን እንደሚጠብቅ ይነገረናል፤ ማጥበብም እንደሚችል ግን አይነገረንም። በተፈጥሮ አንድ ኮርማ በዕድሜው ስንት ጥጃ ይወልዳል? ዘሩ ከቀዘቀዘ ግን ከሞተ በኋላም፣ ውቅያኖስ ተሻግሮም ይወልዳል። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ የተወለደው ቺፍ የተባለ የሆልስታይን ኮርማ 16 ሺህ ገደማ ሴት ልጆች፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደግሞ የልጅ ልጅ ልጆች አሉት። ቺፍ በደሙ ውስጥ አንድ የተበላሸ ጂን ነበረው። ጥጃው ይህን ጂን ከእናትም ከአባትም ከወረሰ ሳይወለድ ይሞታል። በዚህ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ጽንሶች እንደጨነገፉ ተገምቷል። ለፍትሕ ያህል፣ ከቺፍ ዘር የተገኘው የወተት ትርፍ ከዚህ ኪሳራ እጅግ ይበልጣል። ሰው ሁሉ የእሱን ዘር የፈለገውም ለዚሁ ነው። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ የሚያገለግሉ የሆልስታይን ኮርማዎች የወንድ ሐረግ ከሞላ ጎደል ወደ ሁለት ኮርማዎች ይመለሳል፤ አንዱ ቺፍ ነው።

ሁለተኛ፣ የወንድ ዘር ግማሽ ነው። «ዝርያው ቢጠፋ እንኳ ዘሩ በናይትሮጅን አለ» የሚሉትን እስቲ በሒሳብ ፈትኗቸው። የጠፋውን ዝርያ ዘር ለሌላ ዝርያ ላም ስትሰጡ ጥጃዋ ግማሽ ትሆናለች። እሷ በዚያው ዘር ስትዳቀል ሦስት አራተኛ፣ ቀጥሎ ሰባት ስምንተኛ እያለ ይሄዳል። አምስት ትውልድ ስትቆጥሩ ከ10 ዓመት በላይ ያልፋል፤ ገና 31/32 ላይ ናችሁ። በእናት በኩል ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ግን በዚህ መንገድ ከቶ አይመለስም። የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ብሔራዊ የዘር ክምችት አሮጌ ዘር አውጥተው፣ ጠፍተው የነበሩ ሁለት የሆልስታይን የወንድ ሐረጎችን መልሰዋል። ጎበዞች ናቸው! ልብ በሉ ግን፤ የተሳካላቸው በሕይወት ያሉ የሆልስታይን ላሞች ስለነበሩ ነው።

ሦስተኛ፣ ቀዝቃዛ ዘር አይማርም። ወደ አገራችን እንምጣና የሼኮን ከብት እንውሰድ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖረው ይህ ዝርያ የገንዲ በሽታን ከብዙዎቹ የአገራችን ከብቶች በተሻለ ይቋቋማል። ይህ ችሎታ የመጣው በቆላ ዝንብ መሃል ለብዙ ትውልድ በመኖር ነው። ዛሬ ቁጥሩ የሚያሰጋው፣ ሻኛ ካላቸው ጎረቤት ከብቶች ጋር እየተደባለቀ ስለሆነ ጭምር ነው። ዘሩን ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን በሽታውና አየሩ ሲለዋወጡ ናይትሮጅን ውስጥ ያለው ዘር አብሮ አይለወጥም። ሼኮን የሚያረባው ገበሬ የሚያውቀው ነገርም ቱቦ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ የእኔ ነቀፌታ በቴክኖሎጂው ላይ ሳይሆን አተራረኩ ላይ ነው። ስንት ሺህ ላም ተዳቀለ የሚለው ቁጥር ዜና ይሆናል፤ ዘሩ ከስንት ኮርማ መጣ የሚለው ግን አይጠየቅም። የውጭ ዘር የሚሰጠው ወተት ለገበሬው ገቢ ነው፤ ይህን መናቅ አይቻልም። ሆኖም የአገሬው ከብት ከመንደሩ ከጠፋ በኋላ «ለማንኛውም ዘሩን አስቀምጠነዋል» ማለት ብዙ አያዋጣም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ዜና ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዘሩ የስንት ኮርማ ነው? የእናቶቹስ ወገን የት ተቀመጠ? መንጋው አሁንም በመስኩ ላይ አለ ወይ? ጸሐፊው እነዚህን ካልመለሰ ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ።