ጄራርድ ቤንጉ፦ «እንዳይበላሽ» የተባለ ተሰጥኦ

ዙሉው ሠዓሊ ጄራርድ ቤንጉ ገና ወጣት ሳለ፣ የእጁን ሥራ ያዩ ሰዎች ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥዕል እንዲማር ጥረው ነበር። አልተፈቀደም። ለክልከላው የተሰጠው ምክንያት ግን ስድብ ሳይሆን ሙገሳ ነበር፤ ትምህርት ተፈጥሮ የሰጠውን ችሎታ ያበላሽበታል ተባለ። ቤንጉን ሊረዳ የሚሻ ተመልካች ከዚህ ሙገሳ ቢጀምር ይበጀዋል። ምን እንደሣለ ብቻ ሳይሆን፣ ምን ሳይሣል እንደቀረም ያሳያልና።

ቤንጉ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1910 በዛሬዋ ክዋዙሉ-ናታል፣ ሴንቶካው በተባለ የካቶሊክ ሚሲዮን ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ የወጣው የመሬት ሕግ ጥቁሮች ከአብዛኛው የአገራቸው ክፍል መሬት እንዳይገዙ አገደ። በወጣትነቱ በሳንባ ሕመም ተይዞ በሚሲዮኑ ሆስፒታል ሲታከም፣ ዶክተር ማክስ ኮለር የሚሥለውን አይቶ ተደነቀ፤ ወረቀትና ቀለምም ሰጠው። ሐኪሙ የአካባቢውን ሕዝብ ልማድ ያጠና ስለነበር ለጥናቶቹ ሥዕል አሠራው። ስለ ደቡብ ናታል የጋብቻ ልማድ የሚያትተው በ1933፣ ከአያቶች መንፈስ ጋር ይነጋገራሉ ስለሚባሉት ኢዛንጎማዎች የሚናገረው ደግሞ በ1941 ታተመ።

ይህ ውለታ ነው፤ ቀላልም አይደለም። ሆኖም የመጀመሪያው አሠሪ የሠዓሊን ዓይን ይገራል። የጥናት ሥዕል የጨሌው ድርድር፣ የቆዳው አለባበስ፣ ባለትዳር ወንዶች በራሳቸው ላይ ያደርጉት የነበረው ኢሲኮኮ የተባለው ክብ ጌጥ ሳይዛነፍ እንዲወጣ ይፈልጋል። ያጌጠችው ሴት ማን እንደሆነች ግን አይጠይቅም። ከቤንጉ ሥራዎች ብዙዎቹ ሲሸጡም ሲጠሩም የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው፦ «ሽማግሌ»፣ «ልጃገረድ»፣ «ፈዋሽ»።

የቤንጉ ትልቅነት የሚታየው ግን ሥዕሉ ከዚህ ስያሜ ሲያመልጥ ነው። በቡናማ የውሃ ቀለም ብቻ የሠራቸውን የሽማግሌዎች ፊት ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ቀለሙ አንድ ስለሆነ ጌጡ አይጮኽም፤ ዓይን የሚያርፈው በግንባር ላይ ባለው የቆዳ እጥፋት፣ በጉንጩ ጉድጓድ፣ በከበደው የዓይን ቆብ ላይ ነው። ብሩሹ ጥላውን ደረጃ በደረጃ እየደራረበ አጥንቱን ከውስጥ ያወጣዋል። ሽማግሌው የአንድ ነገድ ናሙና መሆኑ ቀርቶ፣ የራሱ ድካምና የራሱ ኩራት ያለው አንድ ሰው ይሆናል። በቀለም ያጌጡት የገጠር ትዕይንቶቹ ይህን ያህል ኃይል የላቸውም። ኮረብታው ለምለም፣ ጎጆው ንጹሕ ነው፤ ከመሬቱ የተነቀለ ሰው ግን አይታይም።

ቤንጉ ረጅም ዘመን የሠራው በደርባን ነው። አንድ ትልቅ መደብር የሥራ ክፍል ሰጥቶት ሥዕሎቹን ይሸጥለት ነበር። ወደቡ፣ የሠራተኛው ግፊያ፣ የጥቁሮች ሰፈር ሁሉ ከበሩ ውጭ ነበሩ፤ በታወቁት ሥራዎቹ ግን ቦታ አላገኙም። በሦስት ዓመት የሚያንሰው ጄራርድ ሴኮቶ በዚያው ዘመን የጆሃንስበርግን የሶፊያታውን ሰፈር ጎዳናዎች ሣለ፤ የጆሃንስበርግ የሥዕል ሙዚየም በ1940 ሥራውን ገዛ፤ በ1947ም ፓሪስ ገባ። ልዩነቱ የችሎታ አይደለም። ሴኮቶ የዓይኑን ተከተለ፤ የቤንጉ ገዢዎች ደግሞ ከተማ ያልነካውን ዙሉ ፈለጉ። እንዳይማር የተደረገውም ያንኑ ዙሉ እንዲሆንላቸው ነበር።

ይህ ማለት ግን ቤንጉ የሌሎች መሣሪያ ብቻ ነበር ማለት አይደለም። ጥቁር ሠዓሊ በብሩሹ ማደር እጅግ በሚቸግርበት አገር በብሩሹ አድሯል። በዙሉ ቋንቋ ለታተሙ መጻሕፍትም ሥሏል፤ እዚያ የሚያዩት ሰዎች የሣላቸው ሰዎች ልጆች ነበሩ። ለእነርሱ ጨሌው ትርኢት ሳይሆን የአያት ንብረት ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዚያው አውራጃ በሮርክስ ድሪፍት ጥቁሮች የኅትመት ሥዕልና ሽመና የሚማሩበት ማዕከል ሲከፈት፣ ቤንጉ ሃምሳ ዓመት አልፎት ነበር። ከማዕከሉ የወጡት ሠዓሊዎች መማራቸው ዙሉነታቸውን አላጠፋውም፤ የሚናገሩበትን መንገድ አሰፋላቸው እንጂ። የ1930ዎቹ ፍርድ ስሕተት ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። ቤንጉ በ1990 ሲያርፍ ያንን ዕድል ሳያገኝ ነው። ዛሬም አንድ ወጣት አፍሪካዊ ሠዓሊ ብቅ ሲል «ያልተነካ»፣ «ንጹሕ» እያለ የሚያሞግሰው ገዢ አይጠፋም። ያ ወጣት የቤንጉን ቡናማ ሽማግሌዎች ቢያይ ሁለቱንም ያገኛል፦ ያለ መምህር እጅ የት ድረስ እንደሚደርስ፣ ሙገሳም የት ላይ እንደሚያስቆመው።