ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያለው ሥራ

ታዳጊዎችን ቤዝቦል ሳሠለጥን ከሁሉ የሚከብደኝ ያልተሰለፈው ልጅ ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ የስኪፕ በርትማንን ያህል ያስተማረኝ አሠልጣኝ የለም። በርትማን ከ1984 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቡድን መርተው 870 ጨዋታ አሸንፈዋል፤ አምስት ጊዜም የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነዋል። እኔ ደጋግሜ የማጠናው ግን ከዚያ በፊት፣ በ1982፣ በማያሚ ዩኒቨርሲቲ የሮን ፍሬዘር ረዳት ሳሉ ለቡድኑ ያስተማሩትን ማታለያ ነው።

ውድድሩ የኮሌጆች ሻምፒዮና ሲሆን፣ ኦማሃ ላይ ነበር። ተጋጣሚያቸው ዊቺታ ስቴት ፊል ስቲቨንሰን የተባለ ቤዝ በመስረቅ የታወቀ ሯጭ ነበረው። እንዲህ ያለውን ሯጭ ኳስ ወርዋሪው (ፒቸሩ) ድንገት ዞሮ ወደ አንደኛው ቤዝ በመወርወር ያስደነግጠዋል፤ ሯጩም በደረቱ ተወርውሮ ይመለሳል። ማታለያው የተሠራው በዚህች ቅጽበት ላይ ነው። በደረቱ የወደቀ ሰው ኳሷን አያይም፤ የሚያየው የሌሎቹን ሁኔታ ነው።

ፒቸሩ ማይክ ካስፕርዛክ የወረወረ መሰለ እንጂ ኳሷን አልለቀቀም። የአንደኛው ቤዝ ተጫዋች ያመለጠችውን ሊይዝ እንደሚፈልግ ዘለለ፤ ሌሎች ወደ ሜዳው ዳር ሮጡ። ዳር ላይ የነበሩት ተጠባባቂዎችም ኳሷ በእነሱ በኩል ያለፈች አስመሰሉ። ስቲቨንሰን ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ሲበር ኳሷ ቀድማ ጠበቀችው። ማያሚ 4 ለ 3 አሸነፈ፤ የዓመቱን ዋንጫም ወሰደ።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልጣብልጥነት ያወራዋል። ለእኔ የአሠልጣኝነት ቁንጮ ነው። ከተጠባባቂዎቹ አንዱ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ኖሮ ሯጩ ሊነቃ ይችል ነበር። ስለዚህ እኔም አንድ አጨዋወት ሳለማምድ ወንበር ላይ ያሉትን አስነሣለሁ፤ እያንዳንዱ የሚያየውና የሚጮኸው ነገር አለው።

በ1996ቱ ፍጻሜ ደግሞ በርትማን የቀድሞ ቤታቸውን ማያሚን ገጠሙ። ተጫዋቻቸው ዋረን ሞሪስ በእጅ ስብራት የዓመቱን አብዛኛውን ጨዋታ አልተሰለፈም ነበር። ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ሁለት አውት፣ 8 ለ 7 እየተመሩ፣ ሦስተኛው ቤዝ ላይ አንድ ሯጭ አለ። ሞሪስ የመጀመሪያዋን ኳስ በቀኝ በኩል ከአጥሩ አሳልፎ መታት፤ 9 ለ 8። የዚያ ዓመት ብቸኛ ሆም ረኑ ነበረች። በርትማን ተጫዋቾቻቸው ምቱን አስቀድመው በዓይነ ሕሊና እንዲያዩት በማድረግ ይታወቃሉ፤ ያንን ደግሞ የተሰበረ እጅ አይከለክለውም። እኔ ጋም የተጎዳ ልጅ ከመረቡ ኋላ ቆሞ ፒቸሩን ያጠናል፤ ያየውን ለሚቀጥለው መቺ ይነግራል።

ይህ ግን መሰለፍን አይተካም። የበርትማን ተጫዋቾች የኮሌጅ ጎልማሶች ነበሩ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ባት ጨብጦ መቆም አለበት፤ ስለዚህ በዚያ ዕድሜ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ሁሉንም በየተራ አሰልፋለሁ።