የሰሊጥ ነዶና የቃለ መጠይቅ መልስ

ከመተማ ዮሐንስ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ከጋላባት በዶካ በኩል እስከ ገዳሪፍ ያለው ሜዳ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው። በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ እርሻ እዚያ የተጀመረው በ1940ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ነው። እርሻውን ትራክተር ይወጣዋል። ሰሊጡ ሲደርስ ግን ሥራው ወደ እጅ ይመለሳል። ለዚህም ነው ከድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ ላለው አጨዳ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ ወጣቱ በየዓመቱ ወደ ቆላ ሲወርድ የኖረው። ከመካከላቸው ዲግሪ ይዘው፣ ማመልከቻ ሲያስገቡ ከርመው፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ የታከታቸው አሉ። ሲመለሱ ያንን ወቅት ከሲቪያቸው ይዘሉታል። «ከተመረቅህ በኋላ ምን ስትሠራ ቆየህ?» ሲባሉ ያቀረቅራሉ።

እስቲ የሠሩትን ቀረብ ብለን እንየው።

ሰሊጥ ከሥር ወደ ላይ ነው የሚደርሰው። የታችኛው የዘር ማቀፊያ ቢጫ ሲሆን የጫፉ ገና አረንጓዴ ነው። ማቀፊያው ሲደርቅ ከአናቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አጫጁ የሚቆርጠው ሁሉም ሳይደርቅ፣ ቅጠሉ ረግፎ የታችኛው ሊከፈት ሲቃረብ ነው። ቀድሞ ካጨደ የጫፉ ዘር ይጨነግፋል። ከዘገየ የታችኛው መሬት ላይ ይፈሳል። በ1943 እ.ኤ.አ. ቬንዝዌላ ውስጥ ማቀፊያው የማይከፈት ሰሊጥ ተገኝቶ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለመውቃት አስቸገረ።

አጫጁ አገዳውን በግራ እጁ ይይዛል፣ በማጭዱ ከሥሩ ይቆርጣል፣ ሳያርገፈግፍ ያጋድመዋል። ነዶው ላይ ሙያው ይለያል። የአገዳው ግርጌ እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ከረዘመ ነዶው አይቆምም። ከወፈረ መሐሉ አየር አጥቶ ይሻግታል፣ ከቀጠነ ንፋስ ይጥለዋል። ማሰሪያው ጠበቅ ይላል፤ አገዳው ሲደርቅ ስለሚኮማተር ዛሬ ልክ የሆነው ከሳምንት በኋላ ይላላልና። ከዚያ ነዶዎቹ አናታቸው ተደጋግፎ፣ እግራቸው ሰፋ ብሎ ይቆማሉ። ይህ ሂላ ነው። አናቱ ወደ ላይ በመሆኑ ማቀፊያው ቢከፈትም ዘሩ እንደ ጽዋ ውስጡ ይቀመጣል። ሁለት ሳምንት ያህል ደርቆ፣ ነዶው ሳያዘነብል እስከ ሸራው ይወሰዳል። እዚያ ብቻ ይገለበጣል፣ በዱላ መታ መታ ይደረጋል። የቀረው ተመልሶ ቆሞ ደርቆ ዳግም ይራገፋል።

ባለ እርሻው ሰው ሲመርጥ ብዙ አይጠይቅም። የታሰረውን ነዶ አንስቶ ግርጌውን ያያል፣ ማሰሪያውን በጣቱ ይሞክራል። ይህ ራሱ ቃለ መጠይቅ ነው፤ እነዚህ ልጆች አልፈውታል።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ሲዘጋጁ ይህንን ሥራ ቢያዘጋጁት እላለሁ። «ታታሪ ነኝ፣ ጫና እችላለሁ» የሚለውን ጠያቂው ከጠዋት ጀምሮ ሲሰማው ውሏል። በምትኩ እንዲህ ይበሉ፦ «አጨዳ ላይ ነበርኩ። ቀን ካለፈ ዘሩ ስለሚረግፍ ማለዳ እንገባ ነበር። ሂላው እንዳይሻግት ነዶውን አሳንሼ አስር ነበር። ስንት እንደቆመ በየማታው እየመዘገብኩ ከተቆጣጣሪው ጋር አመሳክር ነበር።» የሠሩትን ብቻ ይናገሩ፤ ያልመዘገበ መዘገብኩ አይበል። መልሱ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። ወዳጅ ፊት ድምፅ አውጥተው ይለማመዱት፣ ወዳጁም «ለምን?» እያለ ያቋርጣቸው። ለምን ማለዳ? ለምን አሳንሰህ? የማይመለስ «ለምን» የተገኘበት ቦታ እንደገና ይታሰር።

ለመጋዘን ሠራተኛነት፣ ለጥራት ተቆጣጣሪነት፣ ለግብርና ባለሙያነት የሚወዳደር ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ያመጣል? የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሁመራና የጎንደርን ሰሊጥ ከወለጋው ለይቶ ደረጃ ያወጣለታል፤ የዘሩ ንጽሕና የሚጀምረው ከነዶው ነው።

ወደዚያ ሂዱ እያልኩ አይደለም። ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ያ መንገድ ይበልጥ አደገኛ ሆኗል። የሄዳችሁ ግን ያንን ወቅት ሲቪያችሁ ላይ ጻፉት፤ ቦታውን፣ ወሩን፣ የሠራችሁትን። ጠያቂዎችም ስታነቡት ሂላ እንዴት እንደሚቆም ጠይቋቸው።