ላስ ጌል፦ ጣራው ዓለት የሆነ ሙዚየም

ከሐርጌሳ ማሕሙድ ሃይቤ ሠፈር በማለዳ ተነሥቶ የበርበራን መንገድ የያዘ ጎብኚ፣ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሁለት ደረቅ ወንዞች ከሚገናኙበት የዓለት ኮረብታ ይደርሳል። ስሙ ላስ ጌል ነው፤ በሶማልኛ የግመሎች ውሃ ጕድጓድ ማለት ነው። ከዓለቱ ጥላ ሥር ገብቶ ቀና ሲል ግን የሚያየው ግመል ሳይሆን ላም ነው። ስሙን ያወጡት ግመል አርቢዎች ከሠዓሊዎቹ ብዙ ዘመን ዘግይተው እንደ መጡ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሥዕሎቹ 5000 ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳላቸው ይገመታል። የአካባቢው እረኞች ቀድሞም ያውቋቸው ነበር፤ በክሳቪዬ ጉቴርዝ የተመራው የፈረንሳይ የአርኪዮሎጂ ቡድን ለዓለም ያስታወቃቸው ግን በ2002 እ.ኤ.አ. ነው።

ለመሆኑ የሠዓሊው ችሎታ ምኑ ላይ ነው? ብዙ ሰው የሚያደንቀው ቀለሙ ሳይደበዝዝ መቆየቱን ነው። ይህ ግን የዓለቱ ጥላ ውለታ እንጂ የሠዓሊው ሙያ አይደለም። የሠዓሊው ሙያ የሚታየው በላሟ አንገት ላይ ነው። ራሷን አሳንሶ፣ ቀንዷን ከላይ እንደሚታይ አድርጎ ዘርግቶ፣ አንገቷን ከመጠን በላይ አስፍቶ በቀይና በነጭ ሰንበር አስጊጦታል። ግቷም ጎልቷል። እጁን ዘርግቶ ከአንገቷ ሥር የቆመው ሰው ከእርሷ እጅግ ያንሳል። ይህን የመሣል ጉድለት አድርጎ የሚቈጥር ተሳስቷል፤ ሠዓሊው የሚያከብረውን ነገር አግዝፎ ማሳየቱ ነው።

በሳን ሆሴ፣ ኮስታ ሪካ የሚገኘው የጄድ ሙዚየም ከኮሎምበስ በፊት የነበሩ ሕዝቦች ከአረንጓዴ ድንጋይ የጠረቧቸውን የአንገት ጌጦች በመስተዋት ውስጥ ያሳያል። የክሩ ቀዳዳ አለ፤ አንገቱ ግን የለም። በላስ ጌል ጌጡ ከነአንገቱ፣ ከነሜዳው ቀርቷል። በዚያው መጠን ነፋስ፣ የዝናብ ውሃና የጎብኚ እጅ ያገኙታል፤ መስተዋቱ ዘበኛው ብቻ ነው።

የሥዕል ታሪክን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የምንጀምር መምህራን፣ ከድሬ ዳዋ ብዙ በማይርቀው በለገ ኦዳም የከብት ሥዕል እንዳለ ለተማሪዎቻችን ስንነግር አንሰማም። እኔም ብሆን የላስ ጌልን ፎቶግራፍ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለጥፌ ሳስተምር፣ አንዲት ተማሪ «ሠዓሊው ቆሞ ነው ወይስ ተኝቶ የሣለው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ፎቶግራፉን ከክፍሉ ጣራ ላይ ለጠፍኩት።