የሥራ መለኪያ ሰዓቱን ከየት ይጀምራል?

በ1980ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም.) ከተጀመረው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ወዲህ፣ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥና ውጤት ተኮር ሥርዓት የተባሉት ዘዴዎች ተከታትለው ገብተው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት በጊዜ፣ በመጠንና በጥራት እንዲለካ ተደርጓል። ሐሳቡ መልካም ነው። የዚህ ጽሑፍ ነቀፌታ በመለካቱ ላይ ሳይሆን በመለኪያው አመራረጥ ላይ ነው።

ምሳሌ እናንሣ። በሳንሱሲ የሚኖር አንድ የቀን ሠራተኛ የነዋሪነት ማስረጃ ፈልጎ ከማለዳው 1 ሰዓት ጀምሮ በአንድ ጽሕፈት ቤት በር ተሰለፈ እንበል። ተራው በ4 ሰዓት ይደርሰዋል፤ ጸሐፊው በ15 ደቂቃ ይፈጽምለታል። ሰዓቱ የሚቈጠረው ከጠረጴዛው ጀምሮ ከሆነ መዝገቡ «15 ደቂቃ» ይላል፤ ሰውዬው ሦስት ሰዓት ሙሉ መቆሙና የዕለት ገቢው ማምለጡ ግን በየትም አይጻፍም። ይባስ ብሎ አንድ ፎቶግራፍ ጎድሎ «ነገ ተመለስ» ቢባል፣ በማግሥቱ ሲመጣ እንደገና ይቈጠራል፤ አንዱ ጉዳይ በሪፖርቱ ሁለት ባለጉዳይ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ በዚህ አቈጣጠር ሕዝቡን ያመላለሰው ክፍል በአንድ ቀን ከጨረሰለት ክፍል በልጦ ይታያል ማለት ነው።

ለውጤት ተኮር ሥርዓት መነሻ የሆነው፣ ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን በ1992 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጽሑፍ፣ አንድ ድርጅት በአራት ወገን እንዲታይ ያሳስባል፤ ከአራቱም አንዱ የደንበኛው ዓይን ነው። ሰዓቱ ከጠረጴዛው ከጀመረ ግን ያ ዓይን ተጋርዷል።

ስለዚህ ሁለት መለኪያዎች ይቅደሙ እንላለን። አንደኛው፣ ባለጉዳዩ በር ከደረሰበት ጀምሮ ጉዳዩ እስኪያልቅ ያለው ጊዜ ነው፤ ይህም በበሩ ላይ ሰዓት የተጻፈበት የተራ ቁጥር በማደል ይገኛል። ሁለተኛው፣ ከመቶ ጉዳይ ስንቱ ያለ ምልልስ በመጀመሪያው ቀን እንዳለቀ ነው። መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ የዘገየውም በሠራተኛው ላይ እንዳይቈጠር ምክንያቱ ለብቻው ይመዝገብ፤ ያለዚያ ሠራተኛው ቁጥሩን ለማዳን ሲል እውነቱን ይደብቃል።

ይህ ሥራ ያበዛል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ሆኖም የማይጠቅመውን ብዙ ቁጥር ትቶ የሚጠቅመውን ጥቂቱን መያዝ ሥራን መቀነስ ነው እንጂ ማብዛት አይደለም። የሳንሱሲው ሰው ያጣው የአንድ ቀን እንጀራ የማይታይበት መዝገብ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ መሥሪያ ቤቱን ራሱን ከማስደሰት አያልፍም።