የሌንሱ ጭራ፤ በብርሃን ትምህርታችን ላይ የቀረበ አጭር ሂስ
ስለ ሌንስ በምናስተምርባቸው መጻሕፍት ውስጥ አንድ የታወቀ ሥዕል አለ። ትይዩ ጨረሮች ከግራ ይመጣሉ፤ ሌንሱን አልፈው ይታጠፋሉ፤ በቀኝ በኩል በአንዲት ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። እኛም በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ይህንኑ ሥዕል ለብዙ ዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንሥል ኖረናል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሂስ በቅድሚያ የሚያርፈው በራሳችን ላይ ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣን ነገር የደረሰው በጅቡቲ ከተማ፣ በሄሮን ሠፈር ነው። በዕረፍት ወራት በዚያ በዘመድ ቤት ሰንብተን ነበርና ማታ ማታ የቤቱን ልጆችና የጎረቤት ተማሪዎችን ፊዚክስ እናስጠና ነበር። አንድ ምሽት የክፍሉን መብራት አጥፍተን፣ በመስኮቱ ባሻገር የሚታየውን የመንገድ መብራት በአጉሊ መነጽር ወደ ነጭ ወረቀት እንዲያሳርፉና ያዩትን እንዲሥሉ አዘዝናቸው። ከተማሪዎቹ አንዷ መብራቱን ጭራ አውጥታ ሣለችው። እኛም ሳንመረምር፣ «እጅሽ ተንቀጥቅጦ ነው፤ ምስሉ ነጥብ ነው» ብለን በቀይ ሠረዝንበት። ልጅቷ «ጋሼ፣ እኔ ያየሁት ግን ይህንን ነው» ብላ ወረቀቷን አጠፈች። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሌንሱን አንሥተን፣ እርሷ እንደያዘችው ጥቂት አዘንብለን ብንይዘው፣ ጭራ ያለው ብርሃን በወረቀቱ ላይ ወጣ። የተሳሳትነው እኛ ነበርን።

ይህ የምስል ጉድለት በሥነ ብርሃን ኮማ ይባላል። ቃሉ ጠጉር የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ጅራታም ኮከብ በአውሮፓ ቋንቋዎች ኮሜት የተባለውም ከዚሁ ሥር ነው። ሐኪሞች ኮማ ከሚሉት ራስን የመሳት ሁኔታ ጋር ግን የድምፅ እንጂ የትርጉም ዝምድና የለውም።

የኮማ ምክንያት ምንድን ነው? በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ጨረሮቹ የሚመጡት ከሌንሱ ዋና ዛቢያ ጋር ትይዩ ሆነው ነው። ሌንሱን ማዘንበል ማለት ግን ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ ማድረግ ነው። ሌንሱን አንዱ በሌላው ውስጥ እንዳሉ ቀለበቶች አድርገን እንመልከተው። የመሐሉ ክፍል ምስሉን በአንድ ቦታ ያሳርፋል። ከመሐሉ የራቀው ቀለበት የማጉላት መጠኑ ስለሚለይ፣ የሚሠራው ምስል ነጥብ ሳይሆን ትንሽ ክብ ነው፤ ክቡም ከመጀመሪያው ቦታ ፈቀቅ ብሎ ያርፋል። የጠርዙ ቀለበት ደግሞ የባሰ የሰፋና የባሰ የራቀ ክብ ይሠራል። ክቦቹ ሲደራረቡ ጫፉ ደማቅ፣ ጭራው እየሰፋና እየደበዘዘ የሚሄድ ምስል ይወጣል። ቀለበቶቹ ሁሉ እኩል እንዲያጎሉ ሌንሱ ሊያሟላ የሚገባውን ሁኔታ ኧርንስት አቤ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1873 አስታውቋል።

ምናልባት «ይህ የርካሽ ሌንስ ጉድለት ነው» የሚል መምህር ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ፓራቦላዊ መስተዋት በዛቢያው ላይ ያለውን ኮከብ በሚገባ ያነጥራል፤ ከዛቢያው ወጣ ላለው ግን ጭራ ያበቅልለታል። በካሊፎርኒያ በፓሎማር ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1948 የተመረቀው የሄል ቴሌስኮፕ መስተዋት 5 ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ የትኩረት ርቀቱም የስፋቱ 3.3 እጥፍ ነው። በዚህ መስተዋት ከመሐል በ1 የቅስት ደቂቃ ብቻ የራቀ ኮከብ 1 የቅስት ሰከንድ ያህል ጭራ እንደሚኖረው በስሌት ይገኛል። ጨረቃ በሰማይ ላይ 30 የቅስት ደቂቃ ያህል እንደምትሰፋ ስናስብ፣ ጥርት ያለው ቦታ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ እንረዳለን። ስለዚህም ማረሚያ ሌንሶች መጨመር ግድ ሆነ። አሜሪካዊው ሪቼና ፈረንሳዊው ክሬትየን ደግሞ ሁለቱንም መስተዋቶች ሃይፐርቦላዊ በማድረግ ኮማን የሚያስወግድ ቴሌስኮፕ ነደፉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ሕዋ የተላከው ሐብል የተሠራው በዚህ ንድፍ ነው። የሐብል የታወቀው ጉድለት ኮማ ሳይሆን በመሐል ያለውን ኮከብ እንኳ የሚያደበዝዝ ሌላ ጉድለት እንደነበረ ለተማሪዎች ማስረዳት ይገባል።

ይህ ሁሉ ከእኛ የራቀ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ በላይ በእንጦጦ ተራራ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ነገ በእነዚያ የሚነሣውን ምስል የሚመረምረው ወጣት ዛሬ በእኛ ክፍል ተቀምጧል። ጭራ ሲያይ የመሣሪያው ጠባይ መሆኑን ካላስተማርነው፣ ወይ የኮከቡ ጠባይ ነው ብሎ ይጽፈዋል፤ ወይም ያየውን ይደብቃል።

የተለመደው ሥዕል ይሰረዝ አንልም፤ ለመጀመሪያ ትምህርት ይጠቅማል። የምንለው፣ ሥዕሉ የሚሠራበት ሁኔታ አብሮ ይነገር፤ ቀጥሎም በዓይን ይታይ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው አጉሊ መነጽር፣ የእጅ ባትሪ፣ ካርቶንና ነጭ ወረቀት ብቻ ነው። በባትሪው አፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ገጥሞ፣ ክፍሉን አጨልሞ፣ ከ5 ወይም ከ6 ሜትር ርቀት ምስሉን በወረቀት ላይ መቀበል ነው። ከዚያ ሌንሱን ጥቂት ማዘንበል፤ ብዙ ካዘነበለ አስቲግማቲዝም የሚባለው ሌላ ጉድለት ይበረታል። በመጨረሻም የሌንሱን ግማሽ ስፋት ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ያለው ካርቶን በሌንሱ ላይ ማድረግ ነው። ኮማ ከስፋቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ጭራው ወደ ሩብ ያህል ሲያጥር ተማሪዎቹ ራሳቸው ያዩታል። በፀሐይ ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ ዓይንን ይጎዳል፤ ወረቀትም ያቃጥላል።

እኛም በማግስቱ ልጅቷን ጠርተን፣ ሌንሱን በጓደኞቿ ፊት እንድታዘነብል ካደረግን በኋላ፣ ከቀዩ ሠረዝ አጠገብ «ትክክል» ብለን ጻፍንላት። የሥራ ባልደረቦቻችንም ተማሪ የሣለውን ከመሠረዛቸው በፊት ሌንሱን ራሳቸው አንሥተው እንዲያዩ እናሳስባለን።