የጠፈሩ ዐይንና የቆቦ ማሽላ

በ2013 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት፣ የራያ ቆቦ ማሽላ አፍርቶ ለአጨዳ በተቃረበበት ወቅት፣ የበረሃ አንበጣ ሜዳውን ወረረው። ገበሬው ከነቤተሰቡ ማሳው ላይ ወጥቶ በጅራፍ ጩኸት፣ በቆርቆሮ ድምፅና በእሪታ ተከላከለ። በዚያው ሰሞን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከሳተላይት የሚገኘውን የዝናብና የልምላሜ መረጃ እየመረመረ የመንጋውን ጉዞ አስቀድሞ ይተነብይ ነበር። ኢትዮጵያም ብትሆን ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነውን የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይቷን ከቻይና ታይዩዋን ማምጠቂያ ወደ ጠፈር ልካ ነበር። ትንቢቱ ነበረ፤ መድኃኒት የሚረጩት አውሮፕላኖች ግን ጥቂት ነበሩ። በቆቦ ሜዳ ጅራፍና ሳተላይት በአንድ ሰማይ ሥር ተገናኙ።

ቀደምት የሳይንስ ልብ ወለድን የሚመዝን ሒስ ከዚህ ሜዳ ቢነሣ ይበጀዋል። ስለዚህ ሥነ ጽሑፍ ሲነገር የተለመደው ፈሊጥ የውርርድ ሒሳብ ይመስላልና፤ ማን ምን ተናገረ፣ ስንቱስ ሠመረለት የሚል ነው። ዡል ቬርን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው «ከመሬት ወደ ጨረቃ» በተባለው መጽሐፉ ሦስት ሰዎችን ከፍሎሪዳ አስነሣ፤ በተከታዩም ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ አሳረፋቸው። ከ104 ዓመት በኋላ አፖሎ 11 ሦስት ሰዎችን ከዚያው ከፍሎሪዳ አስነሥቶ ወደዚያው ውቅያኖስ መለሰ። መግጠሙ ያስደንቃል። ይሁን እንጂ ቬርን ተጓዦቹን የላካቸው በመድፍ ተኩሶ ነው፤ መድፉ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ከአፈሙዙ ሳይወጡ ባለቁ ነበር። የሮኬትን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳተመው ሩሲያዊው መምህር ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ የሐሳቡን ዘር የዘራበት ቬርን መሆኑን ራሱ መስክሯል። እንግዲህ የልብ ወለዱ ውለታ ምኞቱን መቀስቀሱ ነው፤ ስሌቱ የመምህሩ ነው።

የአርተር ክላርክ ጉዳይ ግን ከራያ ጋር በቀጥታ የሚያያዝ ነው። ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1945፣ በደራሲነት ገና ሳይታወቅ፣ በአንድ የሬዲዮ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚቀመጡ ሦስት ጣቢያዎች ዓለምን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሊያገናኙ እንደሚችሉ አስረዳ። ይህ ድርሰት አልነበረም፤ የድርሰት ዐይን ያለው ሰው የሠራው ስሌት ነበር። በጣቢያዎቹ ውስጥ ሰዎች የሚኖሩ መስሎት መሳሳቱ ብዙም አያስወቅሰውም። ሐሳቡ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከቆቦ በስተሰሜን የራያን ሜዳ ቁልቁል ከምታየው ከኮረም የተቀረፀውን የረኀብ ምስል አሳየ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ከለንደንና ከፊላዴልፊያ የተላለፈው የሙዚቃ ዝግጅት በሳተላይት ዓለምን አዳርሶ ለተራቡት ገንዘብ አሰባሰበ። ክላርክ መልእክተኛውን አስቀድሞ አይቶታል። መልእክቱ የራያ እናት ኀዘን እንደሚሆን ግን ማንም የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ አልጻፈም። ምስሉ ፈጥኖ ባሕር ተሻገረ፤ እህሉ በአብዛኛው የመጣው በመርከብና በጭነት መኪና ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው ይብሳል። ምድርን በየ18 ቀኑ እየተመላለሰች ትቃኝ የነበረችው የአሜሪካ የምድር ምልከታ ሳተላይት የመጠቀችው በሐምሌ 1964 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ዓመት የወሎ ሕዝብ በረኀብ ሲረግፍ ዐይኑ ጠፈር ላይ ነበረ፤ መሬት ላይ ያለው የዘውድ መንግሥት ግን ያየውን ይደብቅ ነበር። የመሣሪያው መኖርና የሚያየው ሰው ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህንን ልዩነት የተረዳው ተውኔት ጸሐፊው ካሬል ቻፔክ ነው፤ ከመሐንዲሶቹ ደራስያን ይልቅ እርሱ ለእኛ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1921 ፕራግ ላይ የታየው «አር. ዩ. አር.» የተባለው ተውኔቱ «ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም ሰጠ። ቃሉ የተወሰደው በቼክኛ «ሮቦታ» ከሚባለው፣ ባላገር ለባላባቱ በግዴታ ከሚሠራው ሥራ ነው። ለወሎ አንባቢ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ሁዳድ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የሻረው ያንን ዓይነቱን ሥርዓት ነበር። የቻፔክ ሮቦቶች ከብረት የተሠሩ አይደሉም፤ በፋብሪካ ተቀምመው የወጡ ሥጋ ለባሾች ናቸው። ባለ ፋብሪካው ሰውን ከድካም ነጻ አወጣለሁ ይላል፤ የሚያወጣው ግን አንዱን ከድካም፣ ሌላውን ከሰውነት ነው። ሮቦቶቹ ባመፁ ጊዜ ከሰው ወገን የሚተርፈው አልክዊስት የተባለው ግንበኛ ብቻ ነው፤ እንደ እነርሱ በእጁ ይሠራልና። በተውኔቱ ውስጥ ከዚህ የላቀ የድራማ ፍርድ የለም። ሦስተኛው ገቢር ላይ ስለ ፍቅር የሚነገረው ግን የለዘበና ጥድፊያ የሚታይበት ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዛሬ ከተውኔቱ ወጥቶ ገበያ ገብቷል። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባን ስትጎበኝ የአካሏ ክፍሎች የነበሩበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶ እንደነበረ ይታወሳል፤ ቻፔክ ቢሰማ ሳይስቅ አይቀርም። የማያስቀው ሌላው ነው። ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2023 እንደዘገበው፣ የመነጋገሪያውን መሣሪያ አንደበት ለማረም በናይሮቢ ዘግናኝ ጽሑፎችን እያነበቡ ይለዩ የነበሩት ሠራተኞች በሰዓት የሚከፈላቸው ከ2 ዶላር በታች ነበር። ሁዳዱ ከማሳ ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ። ክላርክም ከስታንሊ ኩብሪክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው «2001» ሃል የተባለው መሣሪያ የሚገድለው በተፈጥሮው ክፉ ሆኖ እንዳልሆነ መጽሐፉ ይገልጻል፤ እውነቱን እንዲናገር ተሠርቶ እንዲደብቅ ስለታዘዘ ነው። ትእዛዙ የሰው ነው።

በአገራችን ምድር ከተሠሩት የዚህ ዘርፍ ሥራዎች አንዱ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ያዘጋጀውና ዳንኤል ታደሰ የተወነበት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታየው «ክራምብስ» ነው። ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ የዛገች መንኮራኩር፣ የፕላስቲክ መጫወቻን እንደ ቅርስ የሚሸጥና የሚለውጥ ትውልድ፤ ምናቡ ጠንካራ፣ ዳንኤልም ብርቱ ነው። ይሁን እንጂ ፊልሙ የዳሎልን ምድር ሰው አልባ ፍርስራሽ አድርጎ ሲያይ፣ ከዚያ ምድር አሞሌ እየቆረጠ የሚኖረውን ሠራተኛ ከፍሬሙ ያስወጣዋል። ከጠፈር የሚያይ ዐይን ልማድም ይኸው ነው።

ቻፔክን በአማርኛ መድረክ ላይ ለማቅረብ የሚነሣ ተርጓሚ ቢኖር ገና ከመጀመሪያው ገጽ ምርጫ ይጠብቀዋል። «ሮቦት» ብሎ ቢያልፍ ተመልካቹ የብረት አሻንጉሊት ይጠብቃል። «የሁዳድ አራሽ» ቢል፣ ተውኔቱም ቆቦ ላይ ቢታይ፣ ሽማግሌው ሳይነገረው ይገባዋል፤ ወጣቱ ግን አጠገቡ የተቀመጠውን አባቱን መጠየቅ ይኖርበታል።